ጥርጣሬዬ ለምን በእሷ ላይ ብቻ አረፈ?

የምክር ዓምድ

ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር ብዙ ሳይርቅ አነስተኛ አሳ ቤት አለኝ። ዕድሜዬ 47 ነው፤ ቤቱን ከባለቤቴ ጋር ሆነን ነው የምንሠራው። ከካሸሯ ሌላ አምስት ሠራተኞች አሉን፣ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት።

ከስምንት ወር በፊት አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ቀጠርኩ። ስሟን ዘሀራ ልበላት። በጣና ዙሪያ ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ ወገን ናት፤ አባቷ አሳ የሚያመጡልን ሰው ስለሆኑ ቤተሰቡን አውቀዋለሁ። ልጅቷ ፈጣን ናት፣ ንፁህ ናት፣ እውነቱን ለመናገር እንደነሱ አይደለችም። መጀመሪያ አስተናጋጅ ነበረች፤ አንድ ሁለት ደንበኞች ፊታቸውን ሲያጠቁሩ ግን ነገር ከሚበዛ ብዬ ወደ ጓዳ፣ ወደ ዕቃ አጠባ አዛወርኳት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ማታ ሂሳብ ስዘጋ 2,400 ብር ጎደለኝ። ያን ቀን ካሸሯ ታማ ቀርታ፣ ቤቱም ሞልቶ ስለነበር ዘሀራም ከጓዳ ወጥታ ታግዘን ነበር። ከመሳቢያው መልስ የሰጠነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የእህቴ ልጅና ዘሀራ ነን። ወዲያው የታየችኝ ዘሀራ ናት። ምክንያት ነበረኝ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከዚያው ሰፈር የቀጠርኩት ልጅ የአትክልት መግዣ ይዞ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! በሁሉም ፊት ጠርቼ ጠየቅኋት፣ ቦርሳዋን አስፈተሽኩ። ምንም አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ ከ3,000 ብር ደመወዟ 1,200 ቆረጥኩ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ወር እቆርጣለሁ አልኳት። አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም፤ ተመልሳ ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ስልኩ ላይ የቆዩ መልእክቶች ሲያጠፋ፣ ያን ቅዳሜ በቴሌብር የገባለት 2,400 ብር አገኘ። የአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሂሳብ ነው። የእህቴ ልጅ በጥሬ ገንዘብ እንደተከፈለ አድርጋ መዝግባው ኖሯል። ዘሀራ አምስት ሳንቲም አልነካችም።

እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ «ዝም በይ፤ ገንዘቡን የበዓል ጉርሻ ብለሽ ስጫት፣ ይረሳል» ይለኛል። አማቴ ደግሞ «ድሮስ ከእነሱ ጋር ምን አገናኘሽ» ይላሉ። የልጅቷ አባት ከዚያ ወዲህ አሳቸውን ለሌላ ቤት ነው የሚሰጡት። እሷም ተለውጣለች፦ ዓይኔን አታይም፣ ሁለት ቀን አርፍዳ መጣች፣ ሦስት ብርጭቆ ሰበረች። ይህን ሳይ «ገንዘቡን ባትወስድም ልጅቷ ደህና አይደለችም» እላለሁ። የአንድ ወር ደመወዝ ሰጥቼ በሰላም ላሰናብታት ይሆን? አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ሰው የማበላልጥ አይመስለኝም ነበር። ክፉ ሰው ነኝ ወይ?

ወ/ሮ እ. ከባህር ዳር



ውድ ወ/ሮ እ.፣

እንቅልፍ ወደነሳዎት ጥያቄ እመጣለሁ። በቅድሚያ ግን ወደዚያ ቅዳሜ ማታ ልመልስዎት። በደብዳቤዎ እንደቆጠሩት መሳቢያውን የነካችሁት አራት ናችሁ፤ የተጠየቀችው አንዷ ናት። ባለቤትዎን «እስቲ ስልክህን እንየው» ቢሉት ኖሮ ነገሩ ቡና ሳይፈላ ባለቀ ነበር። የእህትዎን ልጅ «የትኛው ጠረጴዛ በምን ከፈለ?» ቢሏትም እንደዚያው። ታዲያ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ያን ማታ ለምን አልመጡልዎትም?

መልሱን አብረን ብንፈልገው ይሻላል፤ ምክንያቱም የዘሀራን ጉዳይ ዛሬ ብናስተካክለው እንኳ ያው ነገር በሌላ ቅዳሜ፣ በሌላ ልጅ ላይ ሊደገም ይችላል።

ሰው ሲደክም፣ ሲቸኩልና በቂ መረጃ ሲያጣ አእምሮው ክፍተቱን በተዘጋጀ ነገር ይሞላዋል። ቅዳሜ ማታ፣ ካሸር የለም፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ሂሳቡ አልገጠመም፤ ሦስቱም ነገሮች በአንድ ላይ ነበሩብዎት። የተዘጋጀው ነገር ደግሞ ማናችንም ወደንና መርጠን ያመጣነው አይደለም። በጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ስለ ነገደ ወይጦ የሚባለውን ሳይሰማ አያድግም። እነዚህ ሰዎች ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩ፣ አሳ ሲያጠምዱ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረዋል። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር፣ እነሱ ሙስሊም ነን ቢሉም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ ላለመቅረብ ያንን ምክንያት አደረገው። የጉማሬ አደኑ ከቀረ ዘመን ሆኖታል፤ የራቀው ማዕድ ግን እስካሁን አልቀረበም። በእርስዎ ቤት ራሱ ምን እንደሚደረግ ይመልከቱ። ከታንኳ የወረደውን ቆሮሶና አምባዛ ከአባቷ እጅ ተቀብለው ይጠብሱታል፣ ደንበኛውም ጣቱን እየላሰ ይበላዋል። የዚያው ሰው ልጅ ሳህኑን ስታቀርብለት ግን ፊቱ ይጠቁራል። ምክንያት ፈልገን ብንደክም አናገኝለትም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፓትሪሺያ ዲቫይን በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ያሳየችው ነገር ለጥያቄዎ ይረዳል። ስለ አንድ ወገን የሚባለውን ነገር፣ ያንን ወገን የሚጠላውም የማይጠላውም ሰው እኩል ያውቀዋል፤ በሁለቱም አእምሮ ውስጥ ሳይጠራ ከተፍ ይላል። የሚለያዩት ቀጥሎ በሚያደርጉት ነው። አንዱ የመጣለትን እንደ እውነት ይይዘዋል፣ ሌላው ቆም ብሎ «ይህን ከየት አመጣሁት?» ይላል። ስለዚህ «ክፉ ነኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሌሊቱን ባይጨርሱት ይሻላል። ሐሳቡ የመጣብዎት ካደጉበት አገር ነው። ቦርሳዋን ያስፈተሹት፣ ደመወዟን የቆረጡት፣ ገንዘቡ ከተገኘም በኋላ ሳምንት ሙሉ ዝም ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። የሚስተካከለውም ይኸኛው ነው።

«ምክንያት ነበረኝ» ወዳሉት ልመለስ፤ የደብዳቤዎ ወሳኙ ቦታ እሱ ይመስለኛል። ከአምስት ዓመት በፊት ገንዘብ ይዞ የጠፋው ልጅ እውነት ነው፤ ፈጥረው አላመጡትም። ነገር ግን አንድ ወረቀት አውጥተው ቤቱን ከከፈቱ ወዲህ ገንዘብ ያጎደለ፣ ዕቃ ያወጣ፣ ሳይናገር የጠፋ ሠራተኛ ሁሉ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የመጣበትን ሰፈር ወይም ወረዳ ያስፍሩ። ምግብ ቤት የሠራ ሰው ስለሆኑ ዝርዝሩ አንድ ስም ብቻ አይኖረውም። አሁን ልብ ብለው ይዩት፤ ከሌሎቹ መካከል የማንኛቸውን አገር ሳይቸገሩ አስታወሱ? ከሜጫ ወይም ከደራ የመጣ ልጅ ገንዘብ ቢያጎድል «የዚያ አገር ሰው ሌባ ነው» ብለው ያውቃሉ? «እከሌ ሌባ ነው» ብለው ነው ያለፉት። የዚህኛው ግን ስሙ ተረስቶ ወገኑ ቀረ።

ይህ የማስታወስ ጠባይ በደንብ ተመርምሯል። ዴቪድ ሀሚልተንና ሮበርት ጊፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለት ስም የለሽ ቡድኖች 39 ዓረፍተ ነገሮች ለሰዎች አስነበቡ። ሀ የተባለው ትልቁ ቡድን 18 መልካምና 8 መጥፎ ሥራ ነበረው፤ ለ የተባለው ትንሹ ደግሞ 9 መልካምና 4 መጥፎ። ቢያሰሉት መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፣ በሁለቱም ቤት ለአንድ መጥፎ ከሁለት በላይ መልካም አለ። ማንም ስለ ሀም ሆነ ስለ ለ አስቀድሞ የሰማው ወሬ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አንባቢዎቹ ከ12ቱ መጥፎ ሥራዎች ግማሽ ያህሉን ለትንሹ ቡድን ሰጡት፣ የእሱ ሲሶው ብቻ ሆኖ ሳለ። ለምን ቢሉ፣ ጥቂት ሰዎችና ያልተለመደ ድርጊት አንድ ላይ ሲመጡ ጎልተው ይታያሉ፣ የጎላ ነገር ደግሞ ቶሎ ይታወሳል። ይህ የሆነው ምንም ወሬ በሌለበት ነው። የኛ አገሩ ወሬ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን እርስዎ አይተውታል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉትን አልቃወምም፤ የንግድ ቤት የያዘ ሰው መጠርጠር አለበት። ያን ማታ ግን ሦስቱን ሳይጠረጥሩ አለፉ። ገንዘቡም የነበረው ካልጠረጠሯቸው ዘንድ ነው።

አንድ ትንሽ ሐረግም አለች፦ «እንደነሱ አይደለችም»። ለማመስገን እንደጻፏት ይገባኛል። ብቻ ምን እንደምታደርግ ይዩልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ፈጣን፣ ንፁህና ታማኝ የሆነች ልጅ ከፊትዎ ቆማ እያለ፣ ስለ ወገኗ የነበረዎት ግምት ቅንጣት አልተነካም፤ እሷ ብቻ ከመዝገቡ ወጥታ ለብቻዋ ተቀመጠች። ገንዘብ ሲጎድል ደግሞ በአንድ ሌሊት ወደዚያው መዝገብ ተመለሰች። መልካሟ ለራሷ ብቻ ተጻፈ፣ ክፉው ግን የሁሉም ሆነ። እንዲህ ባለ አያያዝ ምንም ዓይነት ልጅ ብትመጣ ሐሳብዎን ልታስለውጥ አትችልም።

አሁን ወደ ብርጭቆዎቹ እንምጣ። ዓይንዎን አታይም፣ አርፍዳ መጣች፣ ሦስት ብርጭቆ ሰበረች ብለዋል፤ ከዚህም ተነሥተው «ደህና አይደለችም» ወደሚለው ተሻግረዋል። እዚህ ላይ ቢዘገዩልኝ ደስ ይለኛል። ካርል ወርድ፣ ማርክ ዛናና ጆኤል ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ነጭ ተማሪዎች ለሥራ የሚያመለክቱ ጥቁሮችንና ነጮችን ቃለ መጠይቅ እንዲያደርጉ አደረጉ። ጠያቂዎቹ ሳይታወቃቸው ከጥቁሮቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ንግግራቸው በዛ ብሎ ተደነቃቀፈ፣ ቃለ መጠይቁንም በሩብ ያህል አሳጠሩት። ከዚያ በሌላ ሙከራ የሠለጠኑ ጠያቂዎች ነጭ አመልካቾችን ሆን ብለው በዚሁ ዓይነት እንዲያስተናግዱ ተደረገ። ያኔ ነጮቹም ተርበተበቱ፤ መልሳቸውም ተበላሽቶ «ለሥራው ብቁ አይመስልም» ተባሉ። ስንፍናው በአመልካቹ ውስጥ አልነበረም፤ ከጠያቂው ወንበር ተነሥቶ ወደ እሱ የተሻገረ ነው።

ዘሀራን በዚህ ዓይን ይመልከቷት። በባልደረቦቿ ፊት ቦርሳዋ የተበረበረ ልጅ ዓይን ለዓይን ልታይዎት ነው? ከበስተኋላዋ የሚያያት ሰው እንዳለ እያወቀች ሳሙና በበዛበት ውሃ ውስጥ ብርጭቆ ስትይዝ እጇ ባይንቀጠቀጥ ነው የሚገርመው። ስለ ማርፈዱም፣ ከ3,000 ብር 1,800 ብቻ የያዘች ሠራተኛ በመጀመሪያ የምትቆጥበው የባጃጅ ነው፤ በእግሯ እየመጣች ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም፣ እርስዎም አይደሉም፤ ስላልጠየቋት። ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበሩት ወራት ስንት ብርጭቆ ሰብራ ነበር? ባለፉት ሦስት ሳምንታትስ ሌሎቹ ስንት ሰበሩ? የሰበሩትን ካልቆጠሩ፣ የእሷን ብቻ እየቆጠሩ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የማሰናበቱን ሐሳብ ይተዉት። በሕጉም አያዋጣዎትም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ እሷ ያንን ካለፈች ቆይታለች። ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት በአንድ ወር ደመወዝ አይዘጋም። የደመወዙ ቅነሳም ችግር አለበት፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ መቁረጥ አይቻልም። ቢስማማ እንኳ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የእሷ ሲሶ 1,000 ብር ነው፤ የቆረጡት 1,200 ነው።

ከገንዘቡ ይጀምሩ። 1,200ውን ሙሉውን በፖስታ አድርገው «ያለአግባብ የተቆረጠ ደመወዝ ተመላሽ» ብለው ይጻፉበት፤ በደመወዝ መዝገቡም ላይ እንዲሁ ይስፈር። ባለቤትዎ ያሉት የበዓል ጉርሻ ነገሩን ያባብሰዋል። ጉርሻ ሰጪው በበጎ ፈቃዱ የሚሰጠው ነው፤ ይህ ግን የራሷ ላብ ነው። በዚያ ላይ ባልደረቦቿ አሁንም ሌባ ናት ብለው እንዳሰቡ ይቀራሉ። እሷም ለምን እንደተሰጣት ስታውቅ፣ ዝም እንድትል የተከፈላት ይመስላታል። ቀሪው ቅነሳ መሰረዙንም ዛሬውኑ ይንገሯት፤ ልጅቷ የሚቀጥለውን ወር በሐሳብ እየቆጠረች ነው።

ይቅርታውን በሁለት ደረጃ ቢያደርጉት ይሻላል፣ መጀመሪያ ለብቻዋ፣ ቀጥሎ በሠራተኞቹ ፊት። የምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ እጇ ሥራ ሳይዝ፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ይሁን። የሚሉት አጭር ይሁን፦ «ዘሀራ፣ ያን ቅዳሜ የጎደለው ብር ባለቤቴ ስልክ ላይ ተገኝቷል። መሳቢያውን የነካነው አራት ሆነን ሳለ አንቺን ብቻ ጠየቅሁ፣ ቦርሳሽን በሰው ፊት አስፈተሽኩ። የጠረጠርኩሽ ያየሁብሽ ነገር ኖሮ ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው። ገንዘቡ ከተገኘም ሳምንት ሙሉ ዝም ብያለሁ። በድዬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።» የመጨረሻዎቹን ነገሮች መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢዘሏቸው ግን እሷ ታውቃቸዋለች፣ ከሁሉም በላይ የቆረጣትም እሱ ነው።

«ከፍቶሽ ከሆነ ይቅርታ» አይበሏት፤ በእርግጥ ከፍቷታል። «እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማይሽ» የሚለውም ይቅር፤ የእህትዎን ልጅ ቦርሳ እንዳላስፈተሹ ዓይታለች። ካሸሯ ስለታመመች፣ ቤቱ ስለሞላ የሚለውን ማስረዳት ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። እንባ ቢመጣብዎትም ይያዙት፤ የተበደለችዋ ልጅ በዳይዋን እንድታባብል ማድረግ ይሆናል። ከዚያ ዝም ብለው ያድምጡ። ምናልባት አትመልስልዎትም፣ ምናልባትም የማይጥም ነገር ትናገር ይሆናል። ሁለቱንም መስማት ነው።

በሠራተኞቹ ፊት መናገሩን ራሷን ይጠይቋት። እሺ ካለች፣ ክሱ በተሰማበት ቦታና ለእነዚያው ሰዎች ይሁን። እዚያ ግን ስለ ወገኗ የሚባለውን አያንሱ፤ በአደባባይ ዳግመኛ መለያዋን ወደ ፊት ማውጣት ይሆናል። «ብሩ አልጠፋም፣ በስልክ ተከፍሎ ነበር። ዘሀራን ያለ አንዳች ማስረጃ ከሰስኳት፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ይበቃል። አማትዎም እዚያ ካሉ ይስሙት። የእህትዎን ልጅ በተመለከተ እጅዎን ይሰብስቡ፤ የተሳሳተ ምዝገባ ሥራ በዛበት ቀን ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ከአንዷ ያነሱትን ጣት በሌላዋ ላይ ቢቀስሩ ትምህርት አልተወሰደም ማለት ነው።

አባቷ ዘንድ ይሂዱ፤ ግን ዘሀራ ከፈቀደች በኋላ። ሽማግሌ ልልክ የሚል ሐሳብ ይመጣብዎት ይሆናል፣ የአገራችን ወግ ነውና። እዚህ ላይ አልመክርዎትም። ሽማግሌ በገባበት ነገር እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ተበዳዩ ልቡ ሳይሽር «ይቅር ብያለሁ» እንዲል ይገደዳል። ራስዎ ሄደው፣ ለልጃቸው የነገሯትን ለእሳቸውም ይንገሩ። አሳ ይመልሱልኝ ብለው ግን አይጠይቁ። ካመጡ ያመጣሉ።

ቀጥሎ መሳቢያውን እናስተካክል። ጥርጣሬ የሚገባው ሂሳቡ ክፍት በሆነበት በኩል ነው፤ ክፍተቱን መድፈን «ሁሉንም እኩል እወዳለሁ» ከማለት የበለጠ ይሠራል። በመጀመሪያ የስልክ ክፍያ ወደ ባለቤትዎ የግል ቁጥር መግባቱ ይቁም፤ ለቤቱ ብቻ የሚያገለግል አንድ ቁጥር ይኑር፣ ስልኩም ካሸሯ ጋር ይዋል። ጠዋት ለመልስ የሚቀመጠው ዝርዝር ብር የታወቀ ይሁን፤ 1,500 ካላችሁ ሁልጊዜ 1,500፣ በሁለት ሰው ተቆጥሮ በደብተር ይፈረምበት። ቦኖዎቹ ተራ ቁጥር ይኑራቸው። አስተናጋጇ ሂሳብ ስትቀበል ቦኖው ላይ «ጥሬ» ወይም «ስልክ» ብላ ትጽፍበታለች፤ በስልክ ከሆነ የመልእክቱን የግብይት ቁጥር የመጨረሻ አራት ፊደላት ትጨምራለች። ሠራተኛ ሲቀያየር መሳቢያው እንደገና በሁለት ሰው ይቆጠር። ካሸሯ በቀረችበት ቀን መሳቢያውን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሌላው በእሱ በኩል ይቀበል። አራት እጅ የገባበት መሳቢያ ሂሳቡ ባይገጥም ማንንም መጠየቅ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ገንዘብ የሚጎድልበት ቀን ይመጣል። ያኔ ሰው ከመጥራትዎ በፊት ቦኖዎቹን በተራ ቁጥራቸው ይደርድሩ፣ የጎደለ ካለ ይዩ፤ የስልክ ክፍያዎቹን ከመልእክቶቹ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የጠዋቱ ዝርዝር ብር ከሽያጩ ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ያጣሩ። ካልተገኘ መሳቢያውን የነካውን ሁሉ፣ ባለቤትዎንም ጨምሮ፣ ተመሳሳይ ሦስት ጥያቄ በየተራ ለብቻው ይጠይቁ፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነበርክ፣ የትኞቹን ጠረጴዛዎች ተቀበልክ፣ ያልተለመደ ነገር ነበር ወይ? ቦርሳ መፈተሹን ጨርሶ ይተዉት። ውሳኔውን ደግሞ በዚያው ማታ አይስጡ፤ ለጠዋት ያሳድሩት። ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ በድካም ላይ የወጣ ቃል ተመልሶ አይገባም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሐሳብ በአእምሮዬ አይዞርም» ብለው ከራስዎ ጋር ትግል አይግጠሙ። ላለማሰብ የታገሉት ሐሳብ ትግሉ ሲላላ በርትቶ እንደሚመለስ በጥናት ታይቷል። ይልቅ ሐሳቡ ሲመጣ የሚያደርጉትን አስቀድመው ይወስኑ፦ «የአንድ ሰው ስም ብቻ ከመጣብኝ የሌሎቹን ሦስት ስም በወረቀት እጽፋለሁ» ይበሉ። ከዚያ የእህትዎ ልጅ ያንኑ ብታደርግ ኖሮ ምን ይሏት እንደነበር ይጠይቁ። መልሱ ከተለያየ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው።

የቀረው የጓዳው ጉዳይ ነው፤ እንደኔ ከሆነ ከቅዳሜው በፊት የተሠራ በደል እሱ ነው። ጥፋት ሳይኖርባት ከአስተናጋጅነት ወደ ዕቃ አጠባ ሲያወርዷት ቲፑንም አብረው ወስደውባታል። ደንበኞቹም «ልክ ነበርን» ብለው ሄዱ። ሰዎች ተቀራርበው ሲሠሩ ግምታቸው ይለወጣል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ቀድሞ እንደታወቀው በእኩል ደረጃ ሲቀራረቡ፣ ለአንድ ዓላማ አብረው ሲሠሩና የቤቱ ኃላፊ ሲደግፋቸው ነው። አንዷን ከኋላ ደብቆ ሌላዋን ከፊት ማቆም የቆየውን ግምት ያጸናዋል። ስለዚህ ከፈለገች ወደ አስተናጋጅነቷ ትመለስ። ደንበኛ «ሌላ ሰው ትምጣልኝ» ካለ እርስዎ ራስዎ ቀርበው «ይህን ጠረጴዛ የያዘችው እሷ ናት፤ ምን እናምጣልዎ?» ይበሉት፣ በፈገግታ፣ ሳይከራከሩ። አንድ ሁለት ሰው ተነሥቶ ይሄድ ይሆናል። አንድ ሁለት ነው ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ቤትዎ ያንን ይሸከማል።

ዘሀራ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም «እሄዳለሁ» ልትል ትችላለች። መብቷ ነው፤ ይቅርታዎ ከንቱ ቀረ ማለትም አይሆንም። ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይሰላላት፣ እስከ ወጣችበት ቀን ያለው ደመወዝ ሳይጎድል ይከፈላት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ላይም በአስተናጋጅነት መሥራቷ ይጻፍ እንጂ ዕቃ አጠባው ብቻ አይስፈር። አሠሪዎች ደውለው ቢጠይቁዎት ያን ቅዳሜ የሆነውን እንደሆነው ይንገሯቸው፤ የቦርሳው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በምትኳ ሲቀጥሩ ለሚመጡት ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄዎች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያቅርቡ፣ መልሱንም እየጻፉ። የማን ልጅ እንደሆኑ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ለተያዥ ካስፈለገ፣ ከወሰኑ በኋላ ያድርጉት።